«የተገኘውን እሠራለሁ» ካልኩ በኋላ አልተደወለልኝም

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የኔ ጉዳይ ከትዳርና ከፍቅር ጥያቄዎች አጠገብ ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ከነሳኝ ቆይቷል።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። በ2015 ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመረቅኩ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለሁት አራዳ፣ አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስማር የኪስ ገንዘብ የሚልኩልኝ እሳቸው ነበሩ። ሱቁ ውስጥ የማልሠራው የለም። እሸጣለሁ፣ ዱቤ እጽፋለሁ፣ ዕቃ እቆጥራለሁ፣ የካሽ ሬጅስተሩን ሪፖርት ከደረሰኙ ጋር አመሳክሬ ቫት ለሚያሳውቅልን የሂሳብ ባለሙያ በየወሩ አዘጋጃለሁ። ደመወዝ የሚባል ነገር ግን የለም። ሲመቻቸው ይሰጡኛል፤ እኔም አልጠይቅም።

ሲቪዬን የሠራልኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ልጅ ነው። ሲቪ ላይ ከስም ሥር የሚጻፈውን የሥራ ዓላማ ‹ኦብጀክቲቭ እኔ ጋ የተዘጋጀ አለ› ብሎ ለጠፈልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ‹ታዋቂ በሆነ ድርጅት ውስጥ ፈታኝ የሥራ መደብ አግኝቶ ችሎታን ማሳደግና ለድርጅቱ ዕድገት የበኩልን አስተዋጽኦ ማበርከት› የሚል ነው። ጓደኞቼም ይኸው አላቸው፣ ከነስፔሊንግ ስህተቱ።

ባለፈው ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ወረቀቴን አንስቶ ኦብጀክቲቩን ጮክ ብሎ አነበበና ‹ፈታኝ ያልሽው መደብ የትኛው ነው? እኛ ጋ ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?› አለኝ። ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። በመጨረሻ ‹የተገኘውን እሠራለሁ› አልኩ። አመስግነው ሸኙኝ። አልተደወለልኝም። በሚኒባስ ሀረጎን ስንወጣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። ‹አካውንታንት› ብዬ ስጽፍ የስቶር ኪፐሩና የካሸሩ ማስታወቂያ ያመልጠኛል ብዬ እፈራለሁ። ሁሉንም ስደረድር ደግሞ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። አባቴ ባንክ እንድገባ ይፈልጋል። እኔ ፋብሪካ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም። ዕርዳታ ድርጅት የገቡ ጓደኞቼን ሳይ ደግሞ እሱም ያምረኛል።

ሱቁን ሲቪዬ ላይ አላስገባሁትም። የዘመድ ሱቅ ብዬ ብጽፍ የሚስቁብኝ ይመስለኛል። በ2014 ሱቁ ሲዘረፍ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር የዱቤውን ሂሳብ መልሰን እስክናቆም ከአጎቴ ጋር ሠርቻለሁ። ግን ይህን ማን ልምድ ይለዋል?

አሁን ኮምቦልቻ ሌላ ፋብሪካ ጁኒየር ኮስት አካውንታንት በ0 ዓመት ይፈልጋል። እዚህ ደሴ ደግሞ አንድ ዕርዳታ ድርጅት የፋይናንስ ረዳት አውጥቷል። ለሁለቱም ያንኑ ወረቀት ላስገባ? ወይስ ኦብጀክቲቩን ጭራሽ ልሰርዘው?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

አብሽሪ እህቴ። ጉዳይሽ ትንሽ አይደለም። ተመርቆ መደበኛ ሥራ ሳያገኙ መቆየት፣ «ሥራ አገኘሽ?» እየተባሉ መኖር፣ በዚያ ላይ ሰው ፊት መልስ ማጣት ሲጨመርበት ቀላል ሸክም አይሆንም። ሀረጎ ላይ ማልቀስሽ አልገረመኝም።

ያ ሰውዬ ወረቀትሽን ሰው ፊት ጮክ ብሎ ማንበቡ ደስ አላለኝም። ሥራ ፈላጊን ማሳፈር የጠያቂ ሥራ አይደለም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ለያይተሽ ብትይዢያቸው ይሻላል። ማፈሩን እዚያው ፋብሪካ በር ላይ ተይው። ጥያቄውን ግን ይዘሽው ግቢ፤ ነገም ሌላ ሰው ይጠይቅሻል።

«የተገኘውን እሠራለሁ» ያልሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። እኛ አገር ልጅ የሚያድገው ሥራ እንዳይንቅ፣ እንዳይመርጥ እየተመከረ ነው። ይህን ስትይ ትሕትናሽን ማሳየትሽ ነበር። ሰሚው ግን እንደዚያ አይሰማውም። እስቲ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆነሽ አስቢው። አንድ ደንበኛ ገብቶ «ጥሩ ነገር ፈልጌ ነበር፤ ያለሽን ስጪኝ» ቢልሽ ምን ታወርጂለታለሽ? ቀለም ነው? ሚስማር ነው? ቧንቧ ነው? ሰውየው ጨዋ ነው፤ አንቺ ግን ልትረጂው አትችዪም። እነዚያ ሦስት ሰዎች አንድ ክፍት መደብ ይዘው ነበር የተቀመጡት። ለዚያ መደብ ትሆኚ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ፤ ወረቀትሽ አልነገራቸውም፣ አንቺም አልነገርሻቸውም። ነገሩ ይህን ያህል ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ልጅም አትቀየሚው። ለማንም እንዲሆን አድርጎ ነው ያዘጋጀው፤ ለማንም የሚሆን ጽሑፍ ደግሞ ስላንቺ አንድም ነገር ሊናገር አይችልም። የትየባውንና የሕትመቱን ሥራ አሁንም ስጪው። እነዚያን ሁለት መስመሮች ግን ራስሽ ጽፈሽ ውሰጂለት።

ልሰርዘው ወይ ላልሽው፣ የምታስገቢበት ቦታ ነው የሚወስነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትመዘገቢ የሚታየው የትምህርት ማስረጃሽ፣ ውጤትሽና ፈተናው ነው። ባንኮችም አዲስ ተመራቂ ሲቀጥሩ ብዙውን ጊዜ በኦንላይን ፎርም አስሞልተው፣ በውጤት አጣርተው ለፈተና ይጠራሉ። እነዚህ ቦታዎች ኦብጀክቲቭሽን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ አትጨነቂ። የግል ፋብሪካ፣ ዕርዳታ ድርጅት፣ ኮንትራክተር ቢሮ ግን ሌላ ነው። ሲቪሽን ሰው በእጁ ይዞ ያየዋል። የአንድ ዲፓርትመንት ልጆች ኮርሳችሁ አንድ ነው፤ የተማራችሁበት ዓመትም አንድ ነው። የብዙ ዓመት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ የሠራውን በአጭሩ ጠቅልሎ ከላይ ያስቀምጥና ኦብጀክቲቭ ይቀርበት ነበር። አንቺን ከክፍል ጓደኛሽ የሚለይሽ ግን ከስምሽና ከስልክሽ ሥር ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው። አትሰርዣቸው፤ ለውጫቸው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ። አንዱን ከጻፍኩ ሌላው ያመልጠኛል ብለሻል። ኦብጀክቲቭ የዕድሜ ልክ ውሳኔ አይደለም። ለአንድ ማስታወቂያ፣ ለአንድ አንባቢ የሚጻፍ ነው። ለኮስት አካውንታንቱ አንድ፣ ለፋይናንስ ረዳቱ ሌላ፣ ነገ ስቶር ኪፐር ከወጣ ደግሞ ሦስተኛ ትጽፊያለሽ። ከሥር ያለው ትምህርትሽና ሥራሽ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚቀየሩት ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው። ይህ መዋሸት አይደለም። አንዲት ሴት ቆጠራም ትችላለች፣ ገንዘብ መያዝም ትችላለች፤ ለጠየቃት የጠየቀውን ትነግረዋለች። ፋይሎቹን በስልክሽም ሆነ በፍላሽ ስታስቀምጪ በመደቡ ስም ሰይሚያቸው። የፋብሪካውን ለዕርዳታ ድርጅቱ የላከ ሰው ብዙ ነው።

አባትሽ የሚፈልገውን ነግረሽኛል። ያንቺን ግን «መናገር አልችልም» ብለሽ አለፍሽው። እስቲ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። በሰኔ መጨረሻ የዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ ይሰለችሻል ወይስ ደስ ይልሻል? የቀኑ ሽያጭና በእጅ ያለው ብር አልገጥም ሲል ጥለሽው ትሄጃለሽ ወይስ እስክታገኚው ሱቁ ይመሽብሻል? ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስታወሪ ጉልበት ታገኛለሽ ወይስ ማታ ደክሞሽ ዝም ማለት ትመርጫለሽ? መልሱን ለኔ መጻፍ የለብሽም። ለራስሽ ግን በሐቀኝነት መልሺው። ከሰው ጋር መዋል የሚያበረታሽ ከሆነ የባንክ መስኮት ላንቺ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ የአባትሽም ሐሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል። ያልገጠመ ሂሳብ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ፋብሪካ ለምን ደስ እንደሚልሽ የገባኝ ይመስለኛል።

ኮስት አካውንታንት የሚውለው በዚህ ነው። አንድ ዕቃ ተመርቶ እስኪወጣ ምን ያህል ጥሬ ዕቃ፣ ምን ያህል የሰው ጉልበት፣ ምን ያህል መብራትና ሌላ ወጪ እንደበላ ይከታተላል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቢሆን፣ ይህን ያህል ኪሎ ጥጥ ከመጋዘን ወጣ፣ ይህን ያህል ክር ሆነ፣ ልዩነቱ የት ገባ? ብሎ ይጠይቃል። ኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ብረታ ብረቱም ያለበት ከተማ ነው። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፤ በጦርነቱ የደረሰበትን ታውቂዋለሽ። ምርት ባለበት ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አንቺም ሱቅ ውስጥ የምትጠይቂው ይህንኑ ነው። ስንት ካርቶን ገባ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ቀረ፣ የጎደለው የት ሄደ። መጠኑ ይለያያል እንጂ ሥራዎቹ ዘመዳሞች ናቸው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ቦታ አለ። በ2014 ሱቁ ሲዘረፍ የዱቤውን ሂሳብ መልሳችሁ እንዳቆማችሁ ጽፈሻል። በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። መዝገብ በሌለበት ማን ስንት እንደወሰደ፣ ማን ስንት እንደከፈለ፣ ለአቅራቢዎች ስንት እንደቀረ እንዴት አወቃችሁ? ከአቅራቢዎች የደረሰኝ ኮፒ ለምናችሁ ነበር? የባንክ ወረቀት አወጣችሁ? ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠርታችሁ አስታወሳችሁ? ያልተስማማ ሲመጣ ምን አደረጋችሁ? ይህን ሥራ የሠራ ሰው ሂሳብ አያያዝን የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንቺ ደግሞ «ማን ልምድ ይለዋል?» ትያለሽ። እኔ እለዋለሁ። ሂሳብ የሚያውቅ ቀጣሪም ይለዋል፣ በሚገባው መንገድ ከተነገረው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ኦብጀክቲቩን አትጻፊ። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ላይ ሱቁ ውስጥ በእጅሽ የሠራሽውን ብቻ ዘርዝሪ። በአማርኛ ጻፊው፤ የሚያምር ቃል አትፈልጊለት። የዕቃ መግቢያና መውጫ መዝገብ ይዘሻል? በደብተር ነው በኤክሴል? ስንት ዓይነት ዕቃ አለ? የዱቤ ደንበኞቹ በግምት ስንት ናቸው? የቫት ሰነዱን ለስንት ወር አዘጋጅተሻል? ቁጥሮቹን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። እርግጠኛ የሆንሽበትን ቁጥር ጻፊ፤ ያልሆንሽበትን ተይው። ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት?» ሲሉሽ የማታስረጂው ቁጥር፣ ጭራሽ ቁጥር ካለመጻፍ ይብሳል።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ማስታወቂያውን አጠገቡ አስቀምጪ። ፋብሪካው የሚፈልገው ሥራ ምን ምን ይላል? ከዝርዝርሽ ውስጥ እሱን የሚነካውን አስምሪበት። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ከዚያ የመደቡን ስም ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ወስደሽ፣ ያሰመርሽውን አስከትለሽ፣ እዚያ ሄደሽ ምን እንደምትሠሪላቸው ጨምሪ። እኔ ከደብዳቤሽ ብቻ ተነስቼ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ በሕንፃ መሣሪያ ንግድ የዕቃ ቆጠራ፣ የዱቤ ሂሳብና የወርኃዊ ቫት ሰነድ ዝግጅት ሠርቻለሁ። በጁኒየር ኮስት አካውንታንት መደብ ከመጋዘን የሚወጣውን ጥሬ ዕቃ ከምርቱ ጋር በማመሳከር የወጪ ሪፖርት ትክክለኛና በወቅቱ የሚደርስ እንዲሆን መሥራት እፈልጋለሁ።»

ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። «ታታሪ» አይልም፣ «ታማኝ» አይልም፣ «ፈታኝ» አይልም። ታታሪነትሽን ለሚያውቅሽ ሰው ተይለት፤ የማያውቅሽ ሰው የሚያምነው የሠራሽውን ሥራ ነው። «ልምድ ለማግኘት» የሚለውንም አላስገባሁትም። ልምድ ማግኘትሽ ላንቺ ጥሩ ነው፤ ፋብሪካው ግን ማስታወቂያ ያወጣው የወጪ ሂሳቡን የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ነው። ከሱ ጥያቄ ጀምሪ።

ሲቪው በእንግሊዝኛ ስለሚገባ ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ታመጪዋለሽ። እንግሊዝኛው ከአማርኛው እንዳይረዝም ተጠንቀቂ። የማታውቂውን ቃል አታስገቢ። ከክፍል ጓደኞችሽ እንግሊዝኛው የሚሻላት አንዷ ታንብብልሽ፤ ስፔሊንጉን እሷ ትይልሽ። አማርኛውን ደግሞ አካውንቲንግ ለማያውቅ ሰው፣ ለእናትሽ ወይም ለታናሽ ወንድምሽ፣ አንብቢላቸው። ከዚያ «ምን ልሠራ ነው የምሄደው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በራሳቸው ቃል ከነገሩሽ ጨርሰሻል። ከተምታታባቸው ቀጣሪውም ይምታታበታል፤ አሳጥሪው።

የዕርዳታ ድርጅቱ ወረቀት ሌላ ነው። እዚያ ያለ ፋይናንስ ረዳት ዋና ሥራው ሰነድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ መጠየቂያው፣ ማጽደቂያው፣ ደረሰኙ መሟላቱን ያያል፤ ጥቃቅን ወጪ ይይዛል፤ ኦዲተር ሲመጣ ወረቀቱን ያወጣል። ስለዚህ እዚያ ከላይ የሚመጣው ቆጠራው ሳይሆን ደረሰኝ ማመሳከርሽና የቫት ሰነድ ማዘጋጀትሽ ነው። የ2014ቱም ሥራ እዚህ በደንብ ይገባል፤ የጠፋ ሰነድን መልሶ ማደራጀት የሰነድ ዋጋ የገባው ሰው ሥራ ነውና። የባንክ ማስታረቅ፣ ማለትም የሱቁን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር፣ ሱቁ ውስጥ ሠርተሽ ከሆነ ጻፊው። ካልሠራሽ ግን ማስታወቂያው ላይ ስላለ ብቻ አትቅጂው።

ሱቁ ሲቪሽ ላይ ይግባ። «የዘመድ» ብለሽ መጻፍ አያስፈልግሽም። የሱቁን ስም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሠራሽ፣ የሠራሽውን ጻፊ። የማን ነው ብለው ከጠየቁሽ «የአጎቴ ነው» በይ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በዘመድ የቆመ ንግድ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ብዙ ማስታወቂያዎች ላይ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ መቅረብ አለበት» የሚል አለ። አንቺ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስላልሆንሽ የሱቁ ሥራ እንደ መደበኛ የልምድ ዓመት ላይቆጠርልሽ ይችላል። የሁለት ዓመት ልምድ የሚል ማስታወቂያ ላይ በሱቁ ለመወዳደር ከመድከምሽ በፊት ይህን እይ። አሁን የያዝሻቸው ግን አንደኛው በግልጽ 0 ዓመት ብሏል፤ የዕርዳታ ድርጅቱንም ምን እንደሚል አይተሽ ግቢ። በ0 ዓመት ውድድር ላይ የሠራሽውን ማሳየትሽ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም።

ሌላው ደግሞ ያለሽበት ቦታ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው ይመላለሳል። ፋብሪካ ግን የሚመላለስ ሠራተኛ ያረፍዳል፣ ክረምት ላይ ጉሙና መንገዱ ያስቀረዋል ብሎ ይሰጋል። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይተሽ ለመኖር ፈቃደኛ ከሆንሽ አድራሻሽ አጠገብ በአጭሩ ጻፊው። ካልሆንሽ ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ለራስሽ ወስኚ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቅሽ አይቀርም።

ባንክ ሲያወጣም ተመዝገቢ። ለአባትሽም ይህንኑ ንገሪው። «ባንኩን አልተውኩም፤ ፋብሪካውንም ልሞክር ነው» ብትዪው የሚቃወምሽ አይመስለኝም። ወላጅ ባንክ የሚለው ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ደመወዝ ማለቱ ነው። ይህ ስጋቱ መሆኑን አውቀሽ አናግሪው።

የቀረው አጎትሽ ናቸው። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም የሚከብድሽ እሱ መስሎ ስለታየኝ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለሳቸው አንድም ቅሬታ የለም፤ ውለታቸውን ብቻ ነው የጻፍሽው። ያም ሆኖ ከተመረቅሽ ጀምሮ ደመወዝ በሌለው ሥራ ላይ ነሽ። ሥራሽን ልምድ ለማለት ያፈርሽውም፣ ሱቁን ከሲቪሽ ያወጣሽውም፣ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ያልተከፈለበት ሥራ ዋጋ የሌለው ይመስላል። አይደለም እህቴ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን የምነግርሽ የልምድ ወረቀት መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። አዋጅ ጠቅሰሽ አጎትሽ ፊት እንድትቆሚ አይደለም። እሳቸውን እንዲህ ብትያቸው ይበቃል፦ «ጋሼ፣ እስካሁን ያስተማሩኝን ሥራ ወረቀት ላይ ላሰፍረው ነው። ሥራ ልሞክር ነው። ምን ምን እንደሠራሁ የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ቢጽፉልኝ?» ደብዳቤውን አንቺ ረቂቅ አድርገሽ ውሰጂላቸው፤ እሳቸው አንብበው ይፈርሙ። የሠራሽውን ብቻ ጻፊበት። ያልተከፈለ ደመወዝ እንደተከፈለ፣ ያልሠራሽበት ዓመት እንደተሠራ አድርጋችሁ እንዳትጽፉ፤ ነገ ሲጣራ አንቺንም እሳቸውንም ያስቸግራል።

ቅር ይላቸው ይሆን? ሊላቸው ይችላል። ዱቤውን ከጭንቅላቷ የምታውቅ ልጅ ልትሄድባቸው ነው። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የዱቤ ደብተሩንና የዕቃውን መዝገብ ሌላ ሰው አንብቦ ሊቀጥለው በሚችል መልኩ አስተካክዪ። ማን ምን እንዳለበት፣ የወሩ ሰነድ እንዴት እንደሚሰናዳ፣ ከየትኛው አቅራቢ ምን እንደሚመጣ ጽፈሽ አሳዪያቸው። ሥራ ካገኘሁ ለሚተካኝ ሰው ሳላሳይ አልወጣም በያቸው። ይህን የሰሙ አጎት ደብዳቤውን የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርሳቸው፣ ወረቀቶቹን ከማስገባትሽ በፊት ንገሪያቸው። ሱቁ ሰው በሞላበት ሰዓት አይሁን፤ ቤታቸው ሄደሽ ቡና ላይ ይሁን። ብቻሽን ከከበደሽ ከአባትሽ ጋር ሂጂ። ታላቅ ወንድሙን እንዴት እንደሚያናግር እሱ ያውቅበታል።